ባቹ ከሄደ በኋላ

ይህን የምጽፈው ኮምፒውተር ሳይንስ እየተማራችሁ በሆነ ምክንያት ከባቻችሁ፣ አብረዋችሁ ከገቡት ተማሪዎች፣ ለቀራችሁ ነው። ታማችሁ ይሆናል። ቤተሰብ ላይ ችግር ደርሶ ይሆናል። ወይም አንድ ከባድ ኮርስ ጥሏችሁ ይሆናል። ምክንያቱ ይለያይ እንጂ ከዚያ በኋላ ያለው መንገድ ይመሳሰላል። እኔ ባሕር ዳር ስማር በዚህ መንገድ አልፌያለሁ። ያኔ የሚነግረኝ ሰው ባገኝ ኖሮ ብዙ ሌሊት በሰላም እተኛ ነበር።

እኛ አገር የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ኮርስ መርጦ አይመዘገብም ማለት ይቻላል። ሰሚስተር ሲጀመር የባቹ ኮርሶች በጥቅል ይመጣሉ። ሰክሽኑ አብሮ ይመዘገባል። የክፍል ተወካዩ ፕሮግራሙን ቴሌግራም ላይ ይለቃል። አለቀ። ከባች ጋር እስካላችሁ ድረስ ስለ ፕሪሪኩዚት (ቀድሞ ማለቅ ስላለበት ኮርስ)፣ ስለ ካሪኩለም፣ ስለ አድቫይዘር (ስለሚያማክራችሁ መምህር) ምንም ሳታውቁ ጋውን ለብሳችሁ ፎቶ መነሳት ትችላላችሁ። ጓደኞቼ አብዛኞቹ እንደዚያ ነው የተመረቁት። ከባቹ የወጣችሁ ዕለት ግን ባቹ ይሠራላችሁ የነበረውን ሥራ በሙሉ እናንተ ትረከባላችሁ። ርክክብ መኖሩን ደግሞ ማንም አይነግራችሁም።

የእኔ ነገር በወባ ጀመረ። ጣና ዳር ክረምቱ ሲወጣ ወባ እንደሚበዛ የማያውቅ የለም። ሁለተኛ ዓመት አንደኛ ሰሚስተር ላይ ነበርኩ። ወባው ለቀቀኝ ስል ታይፎይድ ተከተለ። ሚድ አለፈኝ፣ የላብ ፈተና አለፈኝ፣ ጭራሽ መቆም አቃተኝ። የዶርም ልጆች «ዝም ብለሽ ቤትሽ ሂጂ፣ ሲሻልሽ ትመለሻለሽ» አሉኝ። አዝነውልኝ ነው። ከጎረቤት ዶርም አንዲት ጂሲ (ተመራቂ ተማሪ) ግን አልጋዬ ጫፍ ላይ ቁጭ ብላ «ስሚኝ እህቴ፣ የዊዝድሮዋል ፎርም ሳትሞዪ ከዚህ ግቢ እንዳትወጪ» አለችኝ። ዓመቴን ያተረፈችልኝ እሷ ናት።

ልዩነቱ ይህ ነው። የማቋረጫ ፎርሙን ሞልታችሁ በሥርዓቱ ከወጣችሁ የዚያ ሰሚስተር ኮርሶች ነጥባችሁ ውስጥ አይገቡም። ዝም ብላችሁ ከጠፋችሁ ግን ፈተና እንደቀረ ሰው ኤፍ ሊሞላባችሁ ይችላል። እንመለስ ስትሉም ክርክሩ ከባድ ነው። ታላቅ ወንድሜ ከዳንግላ መጥቶ ላይብረሪ፣ ዶርም፣ ካፌ፣ ስፖርት እያለ የክሊራንስ (ዕዳ የለባትም የሚል) ፊርማ ሲለቅም ዋለ። እኔ ግቢው በር ላይ ባጃጅ ውስጥ ተጋድሜ እጠብቀው ነበር። የሐኪም ወረቀቱን፣ ፎርሙን፣ ክሊራንሱን በሙሉ ኮፒ አድርጎ በአንድ ፌስታል ቋጥሮ ሰጠኝ። በኋላ «ማስረጃ አምጪ» በተባልኩበት ቢሮ ሁሉ የደረሰልኝ ያ ፌስታል ነው። እናንተም ማህተም ያረፈበትን ወረቀት ኮፒ ሳታደርጉ ለማንም አትስጡ። በስልካችሁም ፎቶ አንሡት።

ቤት የቆየሁበትን ጊዜ እዘለዋለሁ። እናቴ አጥሚት አጠጣችኝ፣ ተሻለኝ። አንድ ነገር ብቻ ልበል። ሪአድሚሽን፣ ማለትም ተመልሶ መግባት፣ የሚጠየቅበት ቀን አካዳሚክ ካላንደሩ ላይ ተጽፎ ይወጣል፤ ብዙ ጊዜም ምዝገባው ከመጀመሩ በፊት ያልፋል። ቤቱ ያለ ሰው የማስታወቂያ ሰሌዳ አያይም። ግቢ ለቀረ አንድ ጓደኛችሁ ማስታወቂያ በወጣ ቁጥር ፎቶ አንሥቶ እንዲልክላችሁ አደራ በሉት። የሚረሳ ጓደኛ አትምረጡ።

በሌለሁበት ካሪኩለሙ ተከልሶ ጠበቀኝ። እኛ ሁለተኛ ዓመት ላይ የምንወስደው የፕሮግራሚንግ ኮርስ ወደ አንደኛ ዓመት ወርዷል። የተቀላቀልኳቸው ልጆች ጨርሰውታል። እኔ ደግሞ ታምሜ ያቋረጥኩት እሱኑ ነው። የምዝገባ ስሊፔ ላይ የመጣልኝ ኦብጀክት ኦሪየንትድ ፕሮግራሚንግ ሲሆን፣ እሱን ለመውሰድ ያላለቀው ኮርስ ማለቅ አለበት። ያ ኮርስ የሚሰጠው ደግሞ በሁለተኛው ሰሚስተር፣ ለፍሬሾች። ሬጅስትራር ሄድኩ፤ «ዲፓርትመንት ይፈርምልሽ» አሉኝ። ዲፓርትመንት ሄድኩ፤ «አድቫይዘርሽ ማን ነው?» አሉኝ። አድቫይዘር እንዳለኝ ያወቅኩት ያን ቀን ነው። ለካ ስሜ በር ላይ በተለጠፈ ዝርዝር ውስጥ፣ ከአንድ መምህር ስም ፊት ለፊት ቁጭ ብሏል።

ቢሯቸው ገብቼ የሆነውን ሁሉ ከወባው ጀምሬ ተረክሁላቸው። በትዕግሥት ሰሙኝ። ከዚያ «እሺ፣ ምን ላድርግልሽ?» አሉኝ።

«መምህር፣ ግራ ገብቶኝ ነው የመጣሁት። ምን ምን ልውሰድ?»

«አሁን እኔንም ግራ አጋባሽኝ» ብለው ሳቁ። «የወሰድሽውን፣ የቀረሽን፣ የቱ ለየቱ እንደሚቀድም በአንድ ገጽ ጻፊና ነይ። ያኔ የምፈርምበት ነገር ይኖረኛል።»

መጀመሪያ ከፋኝ። የእሳቸውን ሥራ ለእኔ የሰጡኝ መሰለኝ። ግን ሌላ ምርጫ አልነበረኝም። የድሮውንም የአዲሱንም ካሪኩለም ከዲፓርትመንቱ ጸሐፊ ለምኜ ኮፒ አደረግኩ። ላይብረሪ ገብቼ አንድ ሰፊ ወረቀት ላይ የኮርሶቹን ስም ጻፍኩና ቀስት መሳል ጀመርኩ። ፕሮግራሚንግ ከሌለ ዳታ ስትራክቸር የለም። ዳታ ስትራክቸር ከሌለ የአልጎሪዝም ትንተና የለም። ዲስክሪት ማት ለአውቶማታ፣ አውቶማታ ለኮምፓይለር ዲዛይን። ዳታ ኮሙኒኬሽን ለኔትወርክ አድሚኒስትሬሽን።

ቀስቶቹን ሳያቸው ለወራት ያስጨነቀኝ ነገር መልክ ያዘ። እኔ እቆጥር የነበረው ስንት ኮርስ እንደቀረኝ ነው። የመመረቂያ ጊዜን የሚወስነው ግን ረጅሙ ሰንሰለት ነው። አራት ኮርስ ብቻ ቢቀራችሁና አንዱ ሌላውን የሚጠብቅ ቢሆን፣ ቢያንስ አራት ሰሚስተር ይበላባችኋል። ኮርሶቹ በዓመት አንዴ ብቻ የሚሰጡ ከሆነ ደግሞ ከዚያም ይብሳል። ሰንሰለት ውስጥ የሌሉት ኮርሶች በየክፍተቱ ይገባሉ፤ ስለ እነሱ አትጨነቁ። ስለዚህ በየሰሚስተሩ መጀመሪያ የምትጠይቁት ጥያቄ «የረጅሙ ሰንሰለት ቀጣይ ኮርስ ዘንድሮ የት ይሰጣል?» የሚለው ይሁን። በኋላ አልጎሪዝም ክፍል ውስጥ ቶፖሎጂካል ሶርት፣ ማለትም የሚቀድመውን ከሚከተለው እየለዩ በተራ መደርደር፣ ስንማር ለብቻዬ ሳቅሁ። መምህሩ ምን እንዳሳቀኝ ጠየቁኝ፤ ማስረዳት አልቻልኩም።

ወረቀቱን ይዤ ስመለስ አድቫይዘሬ መነጽራቸውን አድርገው አዩት። ጣታቸውን ፕሮግራሚንግ የሚለው ላይ አሳረፉና «ይሄ እኮ በዚህ ሰሚስተር ለኢንፎርሜሽን ሲስተምስ ልጆች እየተሰጠ ነው» አሉ። አጠገባችን ያለ ዲፓርትመንት! ኮዱ ይለያያል፤ ይዘቱና ኢሲቲኤሱ (የኮርሱ ክብደት መለኪያ) አንድ ነው። የሁለቱን የኮርስ አውትላይን ጎን ለጎን አያይዤ አመለከትኩ፣ የዲፓርትመንት ኃላፊው አቻነቱን ፈረሙ፣ ሬጅስትራር መዘገበኝ። አንድ ዓመት ዳነልኝ። መፍትሔው ከመጀመሪያውም እዚያው ነበር። ችግሬን በታሪክ መልክ ስናገር ግን ለማንም አልታየም፤ በወረቀት ሲቀመጥ ታየ።

ብዙ ተማሪ ጉዳዩን ለተሳሳተ ሰው እያቀረበ ስለሚንከራተት፣ ማን ምን እንደሚሠራ በአጭሩ ልንገራችሁ። አድ እና ድሮፕ (ኮርስ መጨመርና መጣል) ሲኖር፣ ኮርስ ለማመጣጠን፣ ለምክር፣ አድቫይዘር ነው። የኮርስ አቻነት፣ ከሌላ ዲፓርትመንት ጋር መውሰድ፣ ከመደበኛው በላይ መሸከም ሲሆን ዲፓርትመንት ኃላፊ ነው። መደበኛው ጭነት በሰሚስተር 30 ኢሲቲኤስ አካባቢ ነው፤ ከዚያ ከፍ ለማድረግ ፈቃድ ይጠይቃል። ሬጅስትራር ተፈርሞ የመጣለትን ይመዘግባል እንጂ አይወስንም። መስኮቱ ላይ ያለችውን ሠራተኛ ብትለምኗት፣ ብትቆጧት፣ ብታለቅሱባት ጥቅም የለውም፤ ሥልጣኑ እጇ ላይ የለም። አቤቱታችሁን ሁልጊዜ በጽሑፍ አስገቡ፣ ቀን ያለበትን ቅጂ አስቀሩ። ግሬድ ሪፖርታችሁ ላይ ኤንጂ (ግሬድ አልተሰጠም) ካያችሁ ደግሞ «ይስተካከላል» ብላችሁ አትተኙ። በጊዜው ካልተስተካከለ ወደ ኤፍ ሊቀየር ይችላል።

ከወረቀቱ ይልቅ የከበደኝ ብቸኝነቱ ነበር። ጓደኞቼ ሦስተኛ ዓመት ናቸው። እኔ ግማሹን ከታች ባች ጋር፣ ግማሹን ከሌላ ዲፓርትመንት ጋር እማራለሁ። የግሩፕ አሳይመንት ሲመጣ ሁሉም ተቧድኖ ጨርሷል። የፈተና ክፍል ሲቀየር የሚለጠፈው እኔ በሌለሁበት ቴሌግራም ግሩፕ ነው። መላው ቀላል ነው፤ ግን ፊት ማጠንከር ይጠይቃል። ኮርሱ በተጀመረ በመጀመሪያው ሳምንት የክፍሉን ተወካይ ፈልጋችሁ ስማችሁን ተናገሩ፣ ግሩፑ ውስጥ አስገቡኝ በሉ፣ ከፊት ወንበር ተቀመጡ። «ሲኒየር ናት» ብለው ፕሮግራሚንግ የምችል መሰላቸው። እውነቱን ስነግራቸው ደግሞ አብረን እናጥና አሉኝ። ከእነዚያ ልጆች ጋር እስከ ዛሬ እንደዋወላለን።

ከዚያ ኢንተርኔቱ ጠፋ። ከ2015 ሐምሌ መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ዳታ ተቋርጦ ለወራት ቆየ። በዚያ ጊዜ እዚህ የነበረ ሰው ሌላውን ሁሉ ያውቀዋል፤ ስለ ትምህርቱ ብቻ ልናገር። ኮምፒውተር ሳይንስን ያለ ኢንተርኔት መማር ይቻላል፤ መዘጋጀት ግን አለባችሁ። አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው በተገኘ ቁጥር የምንፈልገውን ዝርዝር ከባዶ ሃርድ ዲስክ ጋር እንልክ ነበር። ኪዊክስ የሚባል ነጻ ፕሮግራም አለ፤ ሙሉ ዊኪፔዲያንና ስታክ ኦቨርፍሎው ላይ ያለውን የፕሮግራመሮች ጥያቄና መልስ አውርዳችሁ ያለ ኔት እንድትፈልጉበት ያስችላል። ዴቭዶክስም የቋንቋዎቹን መመሪያ ኦፍላይን ያስቀምጣል። የኮድ ለውጥ መመዝገቢያው ጊት ራሱ በላፕቶፓችሁ ላይ ያለ ኔት ይሠራል፤ ፑሽ ማድረጉ (ወደ ኢንተርኔት መላኩ) ብቻ ይጠብቃል። ዋይፋይ ያልተቋረጠባቸው ጥቂት ቦታዎች ሲገኙ አንድ ማኪያቶ አዝዘን ግማሽ ቀን እንቀመጥ ነበር። አስተናጋጆቹ ያዩናል፤ ግን ዝም ይሉናል። እግዜር ይስጣቸው። አሁን ኔት አለ ብላችሁ አትዘናጉ። ዛሬውኑ አንድ ፍላሽ ሙሉልኝ።

ኮርሶቼ ስለተበታተኑ አንዱ ሰሚስተር ቀለል ብሎልኝ ነበር። አድቫይዘሬ «ይሄ ጊዜ ከባች የቀረሽበት ካሳ ነው፣ ተጠቀሚበት» አሉኝ። ውድድሮችንና ነጻ ዕድሎችን ማየት የጀመርኩት ያኔ ነው። የመጀመሪያው የአልጎሪዝም ውድድር ነበር። የዩኒቨርሲቲዎቹ ትልቁ ውድድር አይሲፒሲ ሦስት ሰው፣ አንድ ኮምፒውተር፣ አምስት ሰዓት ነው። ለእሱ መለማመጃ ኮድፎርስስ የሚባለውን የውድድር ድረ ገጽ ያዝኩ። እዚያ ብዙዎቹ ውድድሮች በሞስኮ 17:35 ይጀምራሉ። የሞስኮና የእኛ ሰዓት አንድ ስለሆነ በእኛ አቆጣጠር 11:35 ይሆናል፤ ልክ የካፌ እራት ሰዓት ላይ። ሩቅ አልሄድኩበትም። ግን የኋላ ኋላ የሥራ ፈተና ስቀመጥ እጄ አልተንቀጠቀጠም።

ስለ ሰዓት ካነሣሁ ይህን በደንብ ያዙ። የውጭ ማመልከቻዎች ብዙ ጊዜ ሰዓት የሚጽፉት በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ መለኪያ ሰዓት) ነው። እኛ ሦስት ሰዓት እንቀድማለን፤ ላዩ ላይ የእኛ አቆጣጠር ደግሞ ስድስት ሰዓት ይለያል። 18:00 ዩቲሲ ካለ በእኛ ምሽት 3 ሰዓት ነው። ጉባኤዎች ኤኦኢ ብለው ከጻፉ «በምድር ላይ የመጨረሻው ሰው ቀኑ እስኪያልቅበት» ማለታቸው ነው። የዕለቱ 23:59 በእኛ በማግስቱ ከቀኑ 8:59 ይሆናል። የሚያሳዝነው፣ ጊዜ ገና እያላቸው አልፎብናል ብለው የተዉ ልጆች አውቃለሁ። ቀኑን ወደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር ስትቀይሩ ደግሞ ሁለት ጊዜ አረጋግጡ።

ጉግል ሰመር ኦፍ ኮድ ከ2005 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ ፕሮግራም ነው። ኮዱን ለሁሉም ክፍት ለሚያደርግ የኦፕን ሶርስ ድርጅት ኮድ ትጽፋላችሁ፣ መካሪ ይመደብላችኋል፣ ክፍያ አለው። ከ2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ተማሪ ላልሆኑ ጀማሪዎችም ክፍት ሆኗል፤ ዕድሜያችሁ 18 መሙላት አለበት። ይህ ለእኛ ለተንጠለጠልነው ትልቅ ነገር ነው። ዊዝድሮው አድርጋችሁ ቤት ብትሆኑ እንኳ ማመልከት ትችላላችሁ። የድርጅቶቹ ዝርዝር የካቲት አካባቢ ይወጣል፣ ማመልከቻው በመጋቢት ነው። ፕሮፖዛል ከመጻፋችሁ በፊት ከድርጅቱ ትንንሽ ስህተቶች አንዱን አርሙና ላኩ። እኔ አላለፍኩም። የላክኋት ትንሽ እርማት ግን ተቀባይነት አግኝታ ስሜ እዚያ ተመዝግቧል። ከሰርተፍኬት ይልቅ ያቺን ነው ሲቪዬ ላይ ከፍ አድርጌ የምጽፋት። በ2016 ዓ.ም. ሐምሌ የተጀመረው የአምስት ሚሊዮን ኮደርስ ሥልጠናም ነጻ ነው፤ ውሰዱት። ነገር ግን ሰርተፍኬቱን ይዛችሁ አትቁሙ፤ በተማራችሁት አንድ ነገር ሠርታችሁ አሳዩ።

የጂሲ ፕሮጀክት ሲመጣ ቡድኔ ሁሉም የሚሠራውን የተማሪ መረጃ ሲስተም ሊሠራ ነበር። አድቫይዘሬ «ስንተኛውን?» አሉን። የአማርኛ ጽሑፍን በኮምፒውተር ወደ ማቀናበር እንድንሄድ መከሩን። እውነት ለመናገር እዚህ ከተማ ውስጥ ሆኖ ለዚህ ርዕስ ሰው አይጠፋም። የባሕር ዳር ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የሚያዘጋጀው የአይሲቲ ጉባኤ አለ፤ የ2019 እ.ኤ.አ. ጉባኤ ጽሑፎች ስፕሪንገር በተባለው አሳታሚ ታትመዋል። ማሳካኔ የሚባለው የአፍሪካ ቋንቋዎች የተመራማሪዎች ስብስብ ደግሞ በሩ ለጀማሪ ክፍት ነው፤ ኮምፒውተር ከጽሑፍ ውስጥ የሰውና የቦታ ስም ለይቶ እንዲያወጣ በሚያስተምረው ዳታው ውስጥ አማርኛ አለ። እንግሊዝኛ ላይ ሚሊዮን ሰው እየሠራ ነው። «ሰላም» እና «ሠላም» አንድ ቃል መሆናቸውን ለኮምፒውተር ማስተማር ያለብን ግን እኛው ነን። ፕሮጀክታችን ትንሽ ነበር። ዳታውን ራሳችን ሰበሰብን፣ ራሳችን ምልክት አደረግንበት፣ በየመስመሩ ተጨቃጨቅን። ቃለ መጠይቅ ላይ ሰዎች የሚጠይቁኝ ስለዚያ ጭቅጭቅ ነው።

ስለ ስኮላርሺፕ። በዚህ መሃል አንድ ቢሮ «የውጭ ዕድል እናመቻቻለን» ብሎ ለማመልከቻ ብቻ ዳጎስ ያለ ብር ጠየቀኝ። የቸገረው እርጉዝ ያገባል እንዲሉ፣ ልጆች ተበድረው ሲከፍሉ አይቻለሁ። የኢራስመስ ሙንደስ (የአውሮፓ የማስተርስ ስኮላርሺፕ) ማመልከቻ በየፕሮግራሙ ድረ ገጽ ላይ ራሳችሁ የምትሞሉት ነው፤ አብዛኞቹ ምንም ክፍያ አይጠይቁም። ሙሉ ስኮላርሺፑ በወር 1,400 ዩሮ ነው፣ ከአንድ በላይ አገር ያስተምራል፣ የመጨረሻ ዓመት ላይ ሆናችሁም ማመልከት ትችላላችሁ። ብዙዎቹ ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው ጊዜ ይከፈታሉ። ቀረብ ያለ ከፈለጋችሁ ኪጋሊ ላይ ካርኔጊ ሜሎን አፍሪካ የሚባል የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ቅርንጫፍ አለ። ቅጽ ለመሙላት ለደላላ የሚከፈል ብር በፍጹም የለም።

የማመልከቻ ጽሑፌን መጀመሪያ ስጽፍ ግማሹ ስለ ሕመሜ ነበር። አድቫይዘሬ እስክሪብቶ አንሥተው ሰረዙት። «ዓመት መዝለልሽን ትራንስክሪፕቱ ይናገራል። አንቺ በሁለት ዓረፍተ ነገር ምክንያቱን ተናገሪ፣ ሦስተኛው ላይ ወደ ሥራሽ ግቢ» አሉኝ። ልክ ነበሩ። የምስክርነት ደብዳቤም ስትጠይቁ መምህሩ እንዲያስታውሳችሁ አትጠብቁ። በኮርሱ ምን እንደሠራችሁ፣ ስንት እንዳመጣችሁ፣ ለምን እንደምታመለክቱ በግማሽ ገጽ ጽፋችሁ ስጧቸው። ቢያንስ ከአንድ ወር በፊት። መምህራን ለፒኤችዲ ወደ ውጭ ይሄዳሉ፤ ኢሜይላቸውን ከመሄዳቸው በፊት ያዙ።

ስማችሁንም ዛሬ አጣሩ። የአባቴ ስም በፓስፖርቴና በ12ኛ ክፍል ወረቀቴ ላይ በላቲን ፊደል ሲጻፍ በአንድ ፊደል ይለያያል። አንድ ማመልከቻ በዚህ ብቻ ተመለሰብኝ። ትራንስክሪፕቱ ከመታተሙ በፊት ማስተካከል ይቀላል። ከታተመ በኋላ መከራ ነው።

ከባች የቀረ ተማሪ በስም የሚጠራበት ዝርዝር ውስጥ እንደሚዘለልም ልመዱ። የኢንተርንሺፕ ደብዳቤ ለባቹ ሲታተም የእኔ አልነበረም፤ ለብቻዬ አመልክቼ ነው ያወጣሁት። የመውጫ ፈተና ዝርዝር ላይም ስማችሁ መኖሩን አስቀድማችሁ እዩ። ፈተናው ከ2015 ጀምሮ ግዴታ ነው፤ 50 በመቶ ካልመጣ ዲግሪ የለም። በኮምፒውተር ሳይንስ ከፕሮግራሚንግ እስከ ኮምፓይለር ዲዛይን 15 ኮርሶችን ይሸፍናል። እስካሁን በአብዛኛው በዓመት ሁለት ዙር፣ ሰኔ አካባቢና ጥር አካባቢ ተሰጥቷል። ይህ ደግሞ በዓመቱ አጋማሽ ለምንጨርስ ሰዎች ጥሩ ነው፤ ሰኔን መጠበቅ ላያስፈልጋችሁ ይችላል፣ ዲፓርትመንታችሁን ጠይቁ። እኔ ኮርሶቹን የወሰድኩት አዘበራርቄ ስለነበር ዳታቤዝን ረስቼ ኮምፓይለርን በትኩሱ አውቅ ነበር። ያ የቀስት ወረቀቴ እዚህም ጠቀመኝ። ከሥር ጀምሬ በሰንሰለቱ ቅደም ተከተል ከለስኩ፤ ፕሮግራሚንግን ስከልስ ሌሎቹ ግማሽ በግማሽ ተከለሱ። ቀድሞ የተፈተነ ባቼም ማስታወሻውን ሰጠኝ። ቀደም ብለው መመረቃቸው ለካ ጥቅም አለው።

አሁን እዚሁ ባሕር ዳር እየሠራሁ ለማስተርስ እያመለከትኩ ነው። የቀረችኝ ምክር የመውጫዋ ናት። ግቢውን ከመልቀቃችሁ በፊት የወጪ መጋራት ሂሳባችሁን አስቁጥሩ። ያልተማራችሁበት ጊዜ ተደምሮ እንደሆነ የዊዝድሮዋል ወረቀታችሁን አሳዩና አስቀንሱ። ቴምፖራሪያችሁን (ጊዜያዊ የዲግሪ ወረቀታችሁን) እና የትራንስክሪፕቱን የተማሪ ግልባጭ ስትወስዱ መስኮቱ ላይ ቆማችሁ ስም፣ የትውልድ ቀን፣ እያንዳንዱን ግሬድ አንብቡ። ከኋላ የተሰለፈው ቢያጉረመርም ያጉረምርም። ደግሞ ዓርብ ከሰዓት አትሂዱ፤ ማክሰኞ ጠዋት ሰው ይቀንሳል።